«ልዩ ልዩ»፦ በአባዬ ደብተር የተመራ የአራት ቀን ጉዞ

አባዬ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ተማሪ እረፍት ሲወጣ፣ ከሐዋሳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ይመጣ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ይወጣል፤ እሑድ ማታ ይገባል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ይቺን ጉዞ የዘለላት ሁለቴ ብቻ ነው፤ አንዴ እኔ የተወለድኩ ጊዜ፣ አንዴ በኮሮና።

ሲመለስ ለእማዬ ሂሳብ ያስረክባል። በሸሚዝ ኪስ በምትገባ ደብተር ላይ መኪና፣ አልጋ፣ ምሳ፣ ማኪያቶ፣ ሊስትሮ እያለ ሳንቲሟን ሳይቀር ይጽፋል። ከድምሩ በላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት መስመር አለች፦ «ልዩ ልዩ»። አንዳንድ ዓመት ልዩ ልዩ ከአልጋውም ከመኪናውም ትበልጣለች። እማዬ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቺ ልዩ ልዩ የምትባለው ሴትዮ ስንት ዓመቷ ነው?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስም።

ልዩ ልዩ ቴምብር እንደሆነች ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ከፖስታ የተቆረጡትን ቴምብሮች ለብ ባለ ውሃ ሳህን ላይ ይዘፈዝፋል። ሙጫው ሲለቅ በእማዬ ወረንጦ አንድ በአንድ ብድግ እያደረገ ጋዜጣ ላይ በፊታቸው ደፍቶ ያደርቃቸዋል። ወረንጦዋ የእሾህ ማውጫ ነበረች፤ አባዬ ከወረሳት ወዲህ እኛ ቤት እሾህ የሚወጣው በመርፌ ነው። ቴምብር እየደረቀ በር መክፈት ክልክል ነው። የሐዋሳን የከሰዓት ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ኳሱን ተከትሎ በሩን በርግዶ ሲገባ የስንቱ አገር ንጉሥና ወፍ ተነሥቶ አልጋ ሥር ገባ። አባዬ አልተቆጣም። ተንበርክኮ እየለቀመ፣ «የአየር ፖስታ ይሉሃል ይሄ ነው» አለ።

ታኅሣሥ 2016 ላይ ሞተ። ዘንድሮ ሙት ዓመቱን አውጥተን፣ እማዬ ጥቁሯን ባወለቀች በሦስተኛው ሳምንት፣ የቆርቆሮ ሻንጣውን ስናራግፍ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ወጣች። ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለ ዋናው ፖስታ ቤት የተከራየው ሣጥን ቁልፍ ናት። ሐዋሳ ሲመደብም ሣጥኑን አልለቀቀውም ነበር። እማዬ ቁልፏን ከእጄ ወስዳ አየቻትና፣ «ለሞተ ሰው ኪራይ አይከፈልም። ሄደን ዘግተን እንምጣ» አለች። እኔ ደብተሮቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እሱ በሄደበት እንሂድ፣ ያደረበት እንደር፣ የበላውን እንብላ ተባባልን።

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017፦ ከሐዋሳ ፒያሳ

ከንጋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ ነበርን። የ1984ቱ ደብተር «መኪና 16.50» ይላል። እኛ በሰው 750 ብር ከፈልን። እማዬ ትኬቷን አገላብጣ አይታ፣ «እኔና አባትሽ እኮ በዚህ ብር ነው ጎጆ የወጣነው» አለች። ጋቢዋን ተከናንባ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።

ሻሸመኔን በደህና አለፍን። አርሲ ነገሌ መግቢያ ላይ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ረዳቱ ትርፍ ጎማውን ሲያወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ጎማው በባጃጅ ተጭኖ ከተማ ሄዶ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ግራር ሥር ተቀመጥን። አርሲ ነገሌ የአረቄ አገር ነው። አጠገባችን የነበረ አንድ ጎልማሳ ጠፋ ብሎ በላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሊትር ገዝቶ ተመለሰና እማዬን፣ «ለጉንፋን ነው እናቴ» አላት። ማንም አልጠየቀውም።

ባቱ ላይ ምሳ ወረድን። አባዬ እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ «ዝዋይ» እያለ ነው የጻፋት፤ ለካርታ አስተማሪ የከተማ ስም መለወጥ አይዋጥለትም ነበር መሰለኝ። አሣ ጥብስ አዘዝን፣ 280 ብር። እማዬ አሣውን ገልብጣ ጉንጩን በጣቷ ጫን አደረገችና ምንም ሳትል መብላት ጀመረች። የሐዋሳ ሰው ሌላ ሐይቅ ዳር አሣ ሲበላ ሁልጊዜ እንደ ዳኛ ነው። ከዚያ በኋላ ፈጣን መንገድ ስለሆነ ቃሊቲ እስክንደርስ ተኛሁ።

ከቃሊቲ ፒያሳ በስልክ የጠራነው ታክሲ 620 ብር ጠየቀን። ሹፌሩ፣ «ፒያሳ የት ጋ?» ሲለኝ ደብተሩን ገልጬ አነበብኩለት። «ፔንሲዮን፣ ከዶሮ ማነቂያ ገባ ብሎ፣ አልጋ 12 ብር።»

ልጁ በመስታወቱ እማዬን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ዶሮ ማነቂያ እኮ የለም። ፈርሷል።»

በ2016 በኮሪደር ልማቱ እንደፈረሰ በዜና ሰምቼ ነበር። ሰምቶ ማወቅና ቦታው ላይ መቆም ግን ለየቅል ነው። ሹፌሩ አቀዝቅዞ አሳለፈን። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የአበባ መደብ፣ ረድፍ የያዘ መብራት፣ ወደ ላይ ደግሞ በዚያው ዓመት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። አባዬ በየዓመቱ የሚያድርባት፣ ባለቤቷ ሴትዮ ሐዋሳ ላለነው በሙሉ ሰላምታ የሚልኩባት ቤት በየትኛው የአበባ መደብ ሥር እንደቀረች መለየት አልቻልንም። ያምራል፣ አልዋሽም። እማዬ ግን ዓይኗ የሄደው ብስክሌት መንገዱ ላይ ነበር። «ሐዋሳ ብስክሌት አለ፣ መንገድ የለም። እዚህ መንገዱ አለ፣ ብስክሌቱ የታለ?» አባዬ በብስክሌት ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው። ዝም አልኩ።

አልጋ በ1,400 ብር አገኘን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በእግር። ሙቅ ውሃው ሊነጋጋ ሲል ብቻ ይመጣል። የአዲስ አበባን የጥር ሌሊት ረስተነው ነበር። እማዬ ጋቢዋን፣ ነጠላዋን፣ የኔንም ሹራብ ደርባ ተኛች።

ዓርብ፣ ጥር 16፦ ከፒያሳ ቁልቁል

ጠዋት ቶሞካ ገባን፤ ደብተሩ ላይ በየዓመቱ አለች። ቆሞ ነው የሚጠጣው። እማዬ ዙሪያዋን ቃኝታ ወንበር ስታጣ፣ «ቡና ቆሞ የሚጠጣው አባትሽ እዚህ ነው የለመደው ለካ» አለች። ለካስ ቤት ውስጥ ስኒ ይዞ በረንዳ ላይ ሲንጎራደድ «ተቀመጥ እንጂ፣ ቡናው ሰላም አያገኝም» ብላ ስትጨቀጭቀው ኖራለች። ቡናውን ግን ወደደችው። ግማሽ ኪሎ አስፈጭታ ያዘች፤ የሲዳማ ሰው ከአዲስ አበባ ቡና ገዝቶ ሲመለስ ጎረቤት እንዳይሰማ አደራ።

ከዚያ በማዘጋጃ ቤት በኩል አድርገን ቸርችልን ቁልቁል ተያያዝነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት። እዚያ የለመደ ጉልበት እዚህ ቁልቁለቱም ዳገት ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ ጋ ስንደርስ የእማዬ የግራ ጫማ ሶል አፉን ከፈተ። አንድ ሊስትሮ አስቀመጣትና ሰፍቶ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ በድንጋይ ቀጥቅጦ 80 ብር አለ። ስልሳ ብላ ተከራከረችው። ልጁ እሺ ሲል ሰማንያ ሰጠችው። «ታዲያ ለምን ተከራከርሽ?» ብላት፣ «ዝም ብዬ ብሰጠው ይንቀኛል» አለችኝ። በዚያው የኔንም ጫማ አስጠረግሁ፣ 30 ብር። አባዬ 1984 ላይ ለሊስትሮ የከፈለው 25 ሳንቲም ነው።

ፖስታ ቤቱ ስንደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሣጥኖቹ ግድግዳው ሙሉ ናቸው፤ መዳፍ የሚያህሉ የብረት በሮች፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር። የአባዬን ቁጥር ለማግኘት ደብተር አላስፈለገንም። ቤታችን ውስጥ ልደታችንን ሳናውቅ ያንን ቁጥር እናውቅ ነበር። ቁልፏ ገባች፣ አልዞርም አለች። ሁለት ዓመት ያልተከፈተ ነገር ነው። እማዬ ከቦርሳዋ ቫዝሊን አወጣች፣ በጣቷ ጫፍ ቁልፏን ቀባቻት፣ «በል እንግዲህ» አለች ለማን እንደሆነ አላውቅም። ተከፈተ።

ውስጡ ሁለት ማስታወቂያ፣ ከቼክ ቴምብር የሚለዋወጠው ሰውዬ የላከው አንድ ወፈር ያለ ፖስታ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ አንድ ቡናማ ፖስታ ነበር።

ቡናማውን እማዬ አነሣችው። ጽሕፈቱ የአባዬ ነው። «ሐ»ን ሲጽፍ የመሃሏን እግር እንደ ጅራት ወደ ግራ ይስባታል፤ ሦስት ትውልድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ እያየ የኮረጃት «ሐ»። «ለ» በሚለው ፊት የራሱ ስም። «ከ» በሚለው ፊትም የራሱ ስም። ሦስት ባለ አጋዘን ቴምብር በቀኝ ጥግ እኩል ተለጥፈው፣ ማኅተሙ ሦስቱንም በጠርዝ በጠርዛቸው ነክቷቸዋል። አባዬ ማኅተም የአጋዘኑን ፊት ሲያጠፋበት ያዝን ነበርና እያንዳንዷን መቺውን ለምኖ ያስመታት መሆን አለበት። የመጨረሻ ጉዞው ጥር 2015 ነው። ከሐዋሳ መጥቶ፣ ለራሱ ጽፎ፣ ለራሱ ልኮ ሄደ።

እማዬ እዚያው ቆማ ጠርዙን በጥንቃቄ ቀደደችው። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደብዳቤ ጠብቄ ነበር። የወጣው አንድ ነጭ ካርቶን ነው። ገለበጠችው። ወደ ብርሃን አነሣችው። ባዶ። ቴምብር ሰብሳቢዎች ፖስታው እንዳይታጠፍ ውስጡ ካርቶን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ አባዬ ራሱ ነው የነገረኝ። እማዬ ግን መሳቅ ጀመረች። በሰው ፊት፣ ፖስታ ቤት መሃል፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። «ባዶ! ሰውዬው ለራሱም አይነግርም!» አለች። መጨረሻው ላይ ሳቅ ይሁን ሌላ መለየት አቃተኝና ወደ ጥግ ወሰድኳት።

ሣጥኑን ለማዘጋት መስኮት ጋ ስንቀርብ የሞት ምስክር ወረቀቱ የለም። ፌስታሉ ውስጥ፣ ፌስታሉ አልጋው ላይ፣ አልጋው ሦስተኛ ፎቅ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዓርብ ስለሆነ የምሳ እረፍቱም ረጅም ነው፤ ነገ ጠዋት እንመለስ ተባባልን።

ምሳ በያይነቱ፣ 220 ብር። የ1984ቱ 3.50 ነው። ከዚያ እስከ ለገሃር ወረድን። ባቡሩ ሲመጣ ነበር ይህ ሰፈር የከተማው በር የሆነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው 1909 ላይ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጥር በጥር ደብተሩ ውስጥ አለ፣ ወጪ የለውም፤ «አንበሳ አየሁ» ብቻ። አባዬ ለአንበሳ የተለየ ነገር ነበረው። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ናቸው፤ አጼ ምኒልክ ፖስታን ባቋቋሙበት በ1886 ዘመን ፓሪስ የታተሙ። ዋጋቸው ዝቅ ያሉት አራቱ ላይ የንጉሡ ፊት አለ፣ ከፍ ያሉት ሦስቱ ላይ አንበሳው። አባዬ ይህንን ሲያስተምር፣ «ፊቱን ለርካሹ፣ አንበሳውን ለውዱ የሰጠ ንጉሥ» ይል ነበር። ፈተና ላይ አይመጣም፤ ተማሪ ግን የሚያስታውሰው ይህንን ነው።

ሲያስተምር እንዲህ ነበር። ካርታ ላይ አንድ አገር በጣቱ ላሳየ ልጅ የዚያን አገር ቴምብር ይሸልመዋል። ተማሪዎቹ አድገው በየአገሩ ሲበተኑ፣ «ምን እንላክልህ ቲቸር?» ሲሉት፣ «ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ የምትጽፉት ከሌላችሁ ፖስታውን ብቻ» ነው መልሱ። ቀብሩ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አቅፎኝ እያለቀሰ ከኪስ ቦርሳው ፕላስቲክ የለበሰች የሞዛምቢክ ቴምብር አውጥቶ አሳየኝ። ዘጠነኛ ክፍል ያሸነፋት ናት። ሞዛምቢክን ሲያሳይ ማዳጋስካርን ነበር አሉ የነካው፤ አባዬ «ቀርበሃል» ብሎ ሰጠው።

ከሰዓት ፖስታ ቤቱ ጎን ያለውን የቴምብር ሙዚየም አየን። ሰባቱም አሉ። እማዬ መስታወቱ ላይ ተደፍታ፣ «ለዚህች ጥፍር ለምታህል ወረቀት ነው በር የሚዘጋብን?» አለች። ግን አልሄደችም፤ እያንዳንዱን ጠየቀችኝ። እኔም ከአባዬ የሰማሁትን አነበነብኩላት። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስከሆነችበት እስከ 1901 ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የእኛን ቴምብር ለጥፎ ቢወጣም ከጅቡቲ ወዲያ ለመሻገር የዚያን ቴምብር መጨመር ነበረበት። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «ታዲያ ይህንን ለእኔ ለምን አልነገረኝም?» ነግሯታል። ሁላችንንም ነግሮናል። ያኔ ወጥ እያማሰለች ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 17፦ መርዶ

ሣጥኑን መዝጋት ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ወረቀቱን ሰጠን፣ የቀረውን ኪራይ ከፈልን፣ እማዬ ፈረመች። ፊርማዋ ስሟ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማረችው ትልልቅ ፊደል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ዘመኑን ከመዝገቡ አይታ፣ «እኔ ከመወለዴ በፊት ነው የተከራዩት። ነፍሳቸውን ይማር» አለች። እማዬ ቁልፏን ስታስረክብ ቫዝሊኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ተሻገርን። ደብተሮቹ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ «ሽማግሌው ጋ» የሚል ማስታወሻ አለ፣ ስም የለውም። አሮጌ መጽሐፍ፣ የማርያ ቴሬዛ ብርና የድሮ ገንዘብ የሚሸጡትን እየዞርኩ ስጠይቅ ሦስተኛው ሰው በአገጩ ጠቆመኝ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ በዝቅተኛ ወንበር የተቀመጡ፣ ጭናቸው ላይ የቴምብር አልበም የዘረጉ አዛውንት ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና ሳልናገር፣ «የመምህሩ ልጅ ነሽ። ቅንድብሽ» አሉ። ከዚያ በትከሻዬ አሻግረው ፈለጉት።

«አባትሽስ? አምና ጠበቅሁት፣ ቀረ። ዘንድሮ መጣ ብዬ ሰንብቻለሁ።»

መርዶ በጠዋት፣ በዘመድ፣ ለቅሶ ደራሽ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኛ መንገድ ዳር፣ ታክሲ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ» እየተጮኸ ነገርናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አልበሙን ቀስ ብለው ከጭናቸው አንሥተው መሬት አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። እማዬ ድንጋይ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ባል የሞተባት እሷ ናት፣ የምታጽናናውም እሷ ሆነች።

ሻይ መጣ። ቀስ በቀስ ወሬ ተጀመረ። የሚያወሩትን ሰው አላውቀውም ብል ይቀለኛል። የኔ አባት ዝምተኛ ነው። የእሳቸው መምህር ከሦስት ሱቅ በላይ የሚሰማ ሳቅ አለው፣ ይከራከራል፣ ይምላል፣ ተቆጥቶ ይሄድና ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለሳል። «ሐሰተኛ ቴምብር ያሳየሁት ቀን በማጉያው አየና፣ ‹ይሄንን ያተመ ሰው ከእርስዎ ጋር ይዋወቃል› ብሎኝ ሳምንት ሳቅሁ» አሉ። ለራሱ የሚልከውን ፖስታ ጠየቅኋቸው። «ባዶ ሣጥን ለመክፈት ሰው ከሐዋሳ አይመጣም፤ የሚጠብቀኝ ነገር መኖር አለበት፣ ነው የሚለው።»

«እንዲያውም አንድ ዓመት ገንዘብ ጎደለውና ሰዓቱን አስይዞኝ ሄደ» አሉ። እማዬ ሻይዋን አስቀመጠች።

«ባለ ቆዳ ማሰሪያ ሰዓት?»

«አዎ። በዓመቱ መጥቶ ወሰደ።»

«አውቶብስ ላይ ሰረቁኝ ብሎኝ ነበር እኮ! በዓመቱ ደግሞ ተመሳሳይ ገዛሁ ብሎ አመጣ። ተመሳሳይ! መስታወቱ ላይ ያለውን ጭረት እኔ ነኝ በሙቀጫ ዘነዘና የሠራሁት!» አዛውንቱ ደነገጡ። እሷ ግን ዓይኗ ይስቅ ነበር። «አውቄ ነው ዝም ያልኩት» አለች፣ ለእኔ ወይም ለእሱ።

በመጨረሻ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ትንሽ ፖስታ አወጡ። ውስጡ አረንጓዴ ሩብ ገርሽ፣ የምኒልክ ፊት ያለባት፣ ላይዋ ላይ ዘንበል ብሎ «ቦስታ» የሚል የተመታባት ቴምብር ነች። እንዲህ ያለው ማኅተም በፈረንጅ 1902 ነው በመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ላይ የተመታው፤ ሐሰተኛው ይበዛል፣ ይህቺ ግን እውነተኛ ናት አሉ። ሺህ ብር ተስማምተው አባዬ ግማሹን ጥር 2015 ከፍሎ ቀሪውን በዓመቱ ሊያመጣ ነበር። ደብተሩን ገለጥኩ፦ «ልዩ ልዩ 500።»

«ውሰዱት፣ የሱ ነው» አሉን። እማዬ እምቢ አለች። እንግዲያው አምስት መቶውን ልመልስ አሉ፤ እሱንም እምቢ አለች። «እኛ ቴምብር አናውቅም አባባ። ለሚያውቅ ይሽጡት። ገንዘቡ ለነፍሱ ይሁን።» ሲከራከሩ የሻይ ልከፍል ተነሣሁ። ስመለስ ሁለቱም እንደታረቁ ልጆች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን አድርገው ቆመው ሸኙን።

እሑድ፣ ጥር 18፦ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ወደ ቤት

የሰባረ አጽሙ ጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን እማዬ ነች ያሰበችው። አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያው ከጨለማ ጀምሮ ነጭ በነጭ ነበር። ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡን አልቻለውም። ዛፍ ሥር ቦታ አግኝተን ቆምን። ደብተሩ ላይ እሑድ «ጧፍ 1 ብር» አለ። የእኛ ጧፍ 20 ብር ነው፣ ሁለት ገዛን። ስንወጣ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ እንዳሉ እማዬ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «ፊታቸው ከቴምብሩ ይወፍራል» አለች።

ቃሊቲ 5 ሰዓት ተሳፈርን። ጎማ አልፈነዳም። ሞጆ እስክናልፍ እማዬ አልተናገረችም። ከዚያ፣ «ደብተሩን አምጪው» አለችኝ። መነጽሯን አደረገች፣ ከአባዬ የመጨረሻ ድምር በታች አንድ መስመር ዘለለች፣ እስክሪብቶውን እንደ ማንኪያ ጨብጣ መጻፍ ጀመረች። አውቶብሱ ሲንገጫገጭ ፊደሎቿ ከመስመር ይወጣሉ፤ ትቆማለች፣ ትጠብቃለች፣ ትቀጥላለች። መኪና። ታክሲ። አልጋ። አሣ። ቡና ግማሽ ኪሎ። ጫማ 80። የሣጥን ኪራይ። ጧፍ 40።

ባቱ ላይ ድምሩን ላግዛት ደብተሩን ተቀበልኳት። ከጧፉ በታች፣ ከድምሩ በላይ፣ አንዲት መስመር አለች።

«ልዩ ልዩ 500።»

«ይሄ ምንድን ነው እማዬ?»

ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ከደነችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ወደ መስኮቱ ዞረች። «አሣው እንዳይበርድ፣ ውረጂና እዘዢ» አለችኝ።